ሕመሙ ረዝሟል፣ ጥየቃችንም ይርዘም

(የጤና ኮሚቴው በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላትና ደጋፊዎቻችን እንዲያነቡት እዚህ ታትሟል። በንግግሩ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የጤና ኮሚቴው ይህን መድረክ ባገኘ ቁጥር ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ጡት ምርመራ ይናገር ነበር። ዘንድሮ ብዙ ስለማይወራለት በሽታ ለመናገር መርጠናል። እሱም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ነው፤ ኢሚዩኖቴራፒ ስለሚባለው ሕክምናውም እንናገራለን። ከመካከላችን ሁለት እኅቶችና የአንዲት አባላችን ባለቤት በዚህ በሽታ ታመው በመታከም ላይ ናቸው። ሦስቱም ስማቸው ሳይጠራ ታሪካቸው እንዲነገር ፈቅደውልናል፤ እናመሰግናቸዋለን። እነሱን ስንጠይቅና ስናመላልስ የማኅበራችን ደንብ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም እንዳልተሠራ አይተናል። ስለዚህ በንግግራችን መጨረሻ ድምፅ እንድትሰጡበት የምናቀርበው ሐሳብ አለን።

ደንባችን የታመመች አባል እስከ 6 ሳምንት ድረስ ምግብ ይላክላታል፣ በተራ ትጠየቃለች፣ የመጓጓዣ ድጎማም ታገኛለች ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ስለ ቀብርና ስለ ለቅሶ ነው። መሥራቾቻችን ይህን ሲጽፉ ጨክነው አልነበረም። ያኔ የሚያውቁት ሕመም ወይ ቶሎ የሚድን ነበር፣ ወይ ቶሎ የሚወስድ። ካንሰር ተሰራጭቷል ከተባለ ደግሞ ዘመድ ከአገር ቤት እንዲመጣ ይጠራ ነበር እንጂ ስለሚቀጥለው ዓመት የሚያስብ አልነበረም። ዛሬ ግን የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ያለበት ሰው ሥራ ሲሄድ፣ ልጅ ሲድር፣ እዚህ አዳራሽ ቡና ሲያፈላ እናያለን። ሁሉም እንዲህ ይሆናል አንልም። የሚሆንለት ሰው ግን እርዳታ የሚያስፈልገው ለ6 ሳምንት ብቻ አይደለም።

ስለ በሽታው ባጭሩ እንናገር። ኩላሊቶቻችን ከጎድን አጥንታችን ግርጌ በጀርባ በኩል ያሉ ሁለት አካላት ናቸው፤ ሰው በአንዱ ብቻም መኖር ይችላል። ካንሰሩ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምንም አያሳምምም። ብዙዎች የሚያውቁት ለሐሞት ጠጠር ወይም ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ሲነሡ በአጋጣሚ ነው። ሲገፋ ሽንት ላይ ደም መታየት፣ በአንድ ወገን የጎን ሕመም፣ እብጠት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምንጩ የማይታወቅ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት ያባብሱታል። በተለይ እኛ ሴቶች ሽንታችን ላይ ደም ስናይ የወር አበባ ነው፣ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብለን እናልፋለን። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ግን ተመርምሮ ይታወቅ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማረም እንፈልጋለን። ከኩላሊት ተነሥቶ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት የሄደ ካንሰር ያው የኩላሊት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም በኩላሊት ካንሰር መድኃኒት ነው። አንዷ እኅታችን ሳንባዋ ላይ ነጠብጣብ ሲታይ «ሁለተኛ ካንሰር ያዛት» ተብሎ ተወርቶባት ወሬው አገር ቤት ያሉ እናቷ ጆሮ ደርሷል። እናትየው በሁለት ካንሰር ተይዛ የምትተርፍ የለችም ብለው ስንት ሌሊት እንዳለቀሱ መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። ብዙዎቻችን የካንሰር መድኃኒት በሙሉ ኬሞ ይመስለናል። የኩላሊት ካንሰር ግን ከድሮም ለኬሞ የማይበገር በሽታ ነው። ሐኪሞች በተለየ ዓይን ያዩት የነበረውም በሌላ ባሕርዩ ነው፤ አልፎ አልፎ፣ በጣም በጥቂት ሰዎች ላይ፣ የተሰራጨው ካንሰር በራሱ ጊዜ ሲቀንስ ያዩ ነበር። ይህም የሰውነት መከላከያ ይህን ካንሰር ሊያውቀውና ሊዋጋው ይችላል የሚል ግምት አሳደረ። በ1992 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኢንተርሉኪን-2 የሚባለውን መድኃኒት ለዚህ በሽታ ፈቀደ። ከ100 ታካሚ ወደ 7 በሚሆኑት ላይ ካንሰሩ ጨርሶ ከምስል ይጠፋ ነበር። ሆኖም መድኃኒቱ ደም ግፊትን እስከ አደጋ ድረስ ስለሚያወርድ ሆስፒታል ተኝተው፣ በጥብቅ ክትትል ብቻ የሚወስዱት ነበር። ልቡና ሳንባው ጠንካራ ያልሆነ ሰው አይሞክረውም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ የተገኘው ከአንድ ጥያቄ ነው። መከላከያችን ካንሰሩን የሚያውቀው ከሆነ ለምን ዝም ይለዋል? ደማችን ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ ሴሎች አሉ። ባዕድ ነገር ሲያገኙ ያጠቃሉ፤ ያለ ልክ ካጠቁ ግን የራሳችንን አካል ስለሚጎዱ ፍሬን ተሠርቶላቸዋል። ካንሰሩ ብልጥ ነውና ይህን ፍሬን ይረግጥባቸዋል። ጄምስ አሊሰን የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ፍሬን አጥንተው ቢለቀቅ ቲ ሴሎቹ ካንሰር እንደሚያጠቁ በ1990ዎቹ አሳዩ። በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ታሱኩ ሆንጆ ደግሞ ፒዲ-1 የተባለውን ሌላውን ፍሬን በ1992 አገኙ። በ2018 ሁለቱ የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

እንግዲህ ኢሚዩኖቴራፒ ስንል ዛሬ የምናወራው ስለነዚህ ፍሬን ስለሚያላቅቁ መድኃኒቶች ነው። ኒቮሉማብ፣ በንግድ ስሙ ኦፕዲቮ፣ ሌላ መድኃኒት ሞክረው ላልተሳካላቸው የኩላሊት ካንሰር ታካሚዎች በ2015 መጨረሻ ተፈቀደ። በ2018 ኒቮሉማብ ከኢፒሊሙማብ ጋር ተጣምሮ ገና ሕክምና ላልጀመሩት ተፈቀደ። በ2019 ደግሞ ፔምብሮሊዙማብ፣ ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የምታውቁት ኪትሩዳ፣ አክሲቲኒብ ከሚባል እንክብል ጋር መጣ። በ2021 ሌሎች ሁለት ጥንዶች ተጨመሩ። እንክብሎቹ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው፤ ካንሰሩ ምግብ የሚያገኝባቸውን አዳዲስ የደም ሥሮች ይዘጉበታል።

ቁጥር ማወቅ ለምትፈልጉ አንዱን ትልቅ ጥናት እንንገራችሁ። በ2018 ውጤቱ በታተመው ጥናት 1,096 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከእነዚህ በሽታቸው መካከለኛ ወይም ከባድ ተብሎ የተመደበው፣ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ ከወሰዱት ከ100ው 42 ላይ ካንሰሩ በግልጽ ቀነሰ፤ የቀድሞውን እንክብል ሱኒቲኒብን ከወሰዱት ግን በ27 ላይ ነው። ካንሰሩ ከምስል ጨርሶ የጠፋላቸው ከ100 ውስጥ 9 ነበሩ፤ በእንክብሉ በኩል 1 ብቻ። ከ5 ዓመት በኋላ ሲታይ ጥንዱን ከወሰዱት ከ100ው 43ቱ በሕይወት ነበሩ፤ ከሌሎቹ 31። 43ቱ ነበሩ ማለት 57ቱ አልነበሩም ማለት መሆኑን እናውቃለን። ይህን የምንናገረው ተስፋ ለመስጠት ብቻ ወይም ለማስፈራራት ብቻ አይደለም። እኛን ያስገረመን የ5 ዓመት ቁጥር መቆጠሩ ራሱ ነው።

ሐኪሙ «መካከለኛ» ወይም «ከባድ» የሚለው በግምት አይደለም። ስድስት ነገር ይቆጥራል፤ በሽታው ከታወቀ እስከ ሕክምናው አንድ ዓመት ሞልቷል ወይ፣ ሰውየው ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ የደም ማነስ አለ ወይ፣ በደም ውስጥ ካልሲየም፣ አንድ ዓይነት ነጭ ሴልና ፕሌትሌት በዝተዋል ወይ ይላል። የትኛው መድኃኒት ጥንድ እንደሚመረጥ የሚያግዘው አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ የእገሊት መድኃኒት ከእኔ ለምን ተለየ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ሌላም በጥየቃ ጊዜ የሰማነው ጥያቄ አለ፤ «ኩላሊቷን ለምን አላወጡላትም? ተስፋ ቆርጠውባት ነው እንዴ?» የሚል። ድሮ ካንሰሩ ተሰራጭቶም ቢሆን ኩላሊቱን መጀመሪያ ማውጣት የተለመደ ነበር። በ2018 ውጤቱ በታተመ፣ በአብዛኛው በፈረንሳይ በተካሄደና 450 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ መካከለኛና ከባድ ደረጃ ላይ ካሉት መካከል መድኃኒት ብቻ የወሰዱት በቀዶ ሕክምና ከጀመሩት ያላነሰ ጊዜ ኖረዋል። ዛሬ ለአንዳንዱ ይወጣለታል፣ ለአንዳንዱ ይዘገያል፣ ለአንዳንዱ ይተዋል። ጠያቂ ሆነን ሄደን የታካሚን ልብ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ባናናውጥ መልካም ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ጊዜ ልንሰጠው ወደፈለግነው ነገር ደርሰናል። ፍሬን የተላቀቀ መኪና ሁልጊዜ ወደ ፈለጉበት ብቻ አይሄድም። ቲ ሴሎቹ ካንሰሩን ሲያጠቁ አንጀትን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ ቆዳን፣ ታይሮይድን፣ አንዳንዴም ልብን ሊያጠቁ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ግን መድኃኒቱ ካቆመ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። በጊዜ ከተያዘ ብዙው በስቴሮይድ ይበርዳል። ካልተያዘ ይገድላል፤ በዚያው በጠቀስነው ጥናት ጥንዱን ከወሰዱት 547 ሰዎች መካከል 8ቱ የሞቱት ከመድኃኒቱ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው።

አንዷ እኅታችን የደረሰባትን እንንገራችሁ። ሁለቱን መድኃኒቶች በጥንድ ሦስት ዙር ወስዳለች። ፀጉሯ አልረገፈም፣ አላስመለሳትም። ሊጠይቋት የመጡት «ደኅና ነሽ እኮ፣ ኬሞ የምትወስጂም አትመስዪም» ሲሏት ደስ ይላታል። ከዚያ ተቅማጥ ጀመራት። የመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ፣ ሁለተኛው ቀን ስምንት። ቤተሰቡ ምግብ ነው ብሎ ሩዝና አጥሚት ሰጣት። ወደ ካንሰር ሐኪሟ መደወል አልፈለገችም። «በዚህ ትንሽ ነገር ሰው አላስቸግርም» አለች። ይህን አባባል የማታውቅ ሴት እዚህ አዳራሽ ያለች አይመስለንም። በሦስተኛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሄደች። ስሙን የማንጠቅሰው ሆስፒታል የሆድ ቫይረስ ነው ብሎ ውኃ በደም ሥር ሰጥቶ፣ የተቅማጥ ማስቆሚያ ጽፎ መለሳት። ያየቻት ሐኪም መድኃኒቷን «ኬሞ» ብላ መዝግባለች፤ ምክንያቱም ታካሚዋ ራሷ የተናገረችው ኬሞ ብላ ነው። በማግስቱ ሌሊት ደም ሲታይ የጠራችው ከኮሚቴያችን አንዷን ነበር። ይህች አባላችን ከመኪናው በፊት የጠየቀቻት ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ካርድ ነው።

ካርዱ ምንድን ነው? ኢሚዩኖቴራፒ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ በቦርሳ የሚያዝ ትንሽ ካርድ ይሰጠዋል። «ይህ ሰው የመከላከያ ፍሬን የሚያላቅቅ መድኃኒት ይወስዳል፤ ለማንኛውም አዲስ ሕመም የካንሰር ሐኪሙን ጥሩ» የሚል ሐሳብ ያለው፣ የሐኪሙ ስልክ የተጻፈበት ነው። ካርዱ በታየ ሰዓት ነገሩ ተለወጠ። የካንሰር ሐኪሙ በስልክ ተገኘ፣ አንጀቷ መቆጣቱ በምርመራ ታወቀ፣ ስቴሮይድ በደም ሥር ተጀመረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመላት። ስቴሮይዱን ግን ከአንድ ወር በላይ ቀስ በቀስ እየቀነሰች ነው የጨረሰችው፤ ተሻለኝ ተብሎ በአንድ ቀን አይቋረጥም። ኢፒሊሙማብ ለእሷ ለዘለቄታው ተወ፤ ኒቮሉማብ ብቻውን ከጊዜ በኋላ ተመለሰላት። የመጨረሻው ሲቲ ስካን ሳንባዋ ላይ የነበሩት ነጠብጣቦች እየሟሙ መሆናቸውን አሳይቷል።

አያቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ ነበር። እኛ ይህን ተረት እየደጋገምን በሽታ የምንደብቅ ሕዝብ ነን፤ ይህንንም መናገር ይገባል። በተለይ ካንሰር ሲሆን ቤተሰብ ተሰብስቦ «ለእሷ አይነገራት፣ ትንሽ እብጠት ነው እንበላት» የሚለው ልማድ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ከዚህ ሕክምና ጋር ግን አብሮ አይሄድም። ታካሚዋ የምትወስደውን ካላወቀች ሳሏ ሲጀምር፣ ትንፋሿ ሲያጥራት፣ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ጉንፋን ነው፣ ድካም ነው ብላ ትቀመጣለች። ለእናቱ ደብቆ በአስተርጓሚነት አብሮ የሚገባ ልጅም ሐኪሙ «ተቅማጥ አለ?» ሲል እናቱን ሳይጠይቅ «የለም» ሊል ይችላል።

ስለ አስተርጓሚ ከተነሣ፣ በዚህ አገር የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ይህም ማለት ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ትንንሽ ልጆችን ለማስተርጎም መጠቀም፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር፣ አይፈቀድም። በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ደግሞ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ። በከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብት ነው፤ ማስቸገር አይደለም።

ሁለተኛዋ እኅታችን ደግሞ በሌላ መንገድ ተፈተነች። በአራተኛው ወር ላይ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከሰው መሸሽ ጀመራት። ጠያቂዎቿ ተስፋ ቆርጣለች አሉ። አንዱ ጸበል፣ አንዱ መጽናኛ ስብከት፣ አንዱ ወደ አገር ቤት ሄዳ አየር ትለውጥ አለ። ጸሎቱንም ስብከቱንም አንነቅፍም። ግን የደም ምርመራ ሲደረግ የታይሮይድ እጢዋ ሥራ ማቆሙ ታወቀ። በቀን አንድ ትንሽ እንክብል ጀመረች፤ ምናልባት ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። በሁለት ወር ውስጥ እዚህ መጥታ የእቁብ ሒሳብ ስታጋጭ አይታችኋታል።

የአባላችን ባለቤት የሚወስዱት ፔምብሮሊዙማብን ከአክሲቲኒብ ጋር ነው። እንክብሉ ጠዋትና ማታ ይዋጣል፤ የደም ግፊትን ስለሚጨምር ቤት ውስጥ መለኪያ ገዝተው በየቀኑ ይጽፋሉ። መዳፍና የእግር መርገጫም ይቆስላል። እሳቸው ሾፌር ስለሆኑ ፔዳል መርገጥ ከብዷቸው ነበር። ሴት ብትሆን ኖሮ ምጣድ ፊት ቆሞ መጋገሩ እንዴት ይሆን ነበር ብለን አስበናል። የእግር ቅባት፣ ለስላሳ ጫማና የመድኃኒት መጠን ማስተካከል ረድቷቸዋል። ግሬፕፍሩት መብላት የለባቸውም። ጥቁር አዝሙድም ይሁን ፌጦ፣ ኮሶም ይሁን ከኢንተርኔት የታዘዘ «መከላከያ ማጠንከሪያ» ሁሉ ከመወሰዱ በፊት ለሐኪም ይነገር። በተለይ የመጨረሻው ያሳስበናል። የታካሚው መከላከያ ፍሬኑ ተላቋል፤ ተጨማሪ ነዳጅ ከማናውቀው ጣሳ መጨመር አያስፈልገውም። ጾምን በተመለከተም ኦርቶዶክስ አባላትም ሙስሊም አባላትም ከሐኪማቸውና ከአባቶቻቸው ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። ስቴሮይድ ላይ ያለ ሰው በራሱ ውሳኔ መድኃኒት ዘሎ እንዳይጾም ግን አደራ እንላለን።

ከአገር ቤት ስለሚመጣው ጥያቄ አንድ ነገር እንበል። ሁለት ሦስት አባላት «ለአክስቴ ኪትሩዳ በሻንጣ መላክ ይቻላል ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ የሚቀመጥ፣ በደም ሥር የሚሰጥ፣ በየዙሩ የደም ምርመራ የሚፈልግ ነው። ከላይ የነገርናችሁን አንጀትና ሳንባ የሚያቃጥል ጉዳት የሚያክም ሐኪም በአቅራቢያ ከሌለ ፍሬኑን ማላቀቁ ብቻውን እርዳታ አይደለም። መጀመሪያ እዚያ ካለው የካንሰር ሐኪም ጋር መነጋገር ይቅደም። ዋጋውም ቀላል አይደለም። እዚህ አሜሪካ የአንድ ዙር፣ ማለትም የሦስት ሳምንት፣ የመሸጫ ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ ነው።

እዚህ ያሉት ታካሚዎች ይህን ዋጋ በቀጥታ አይከፍሉም፤ ኢንሹራንስ ይከፍላል። ግን ቀዳዳ አለው። ሜዲኬር ያላቸው በደም ሥር ከሚሰጠው መድኃኒት 20 በመቶው በእነሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬይድ ከሌላቸው ይህ ቤት የሚያፈርስ ገንዘብ ነው። ለእንክብሎቹ ግን ከ2025 ጀምሮ የሜዲኬር መድኃኒት ሽፋን ያለው ሰው በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው በዚያ ዓመት 2,000 ዶላር ላይ እንዲቆም ተደርጓል። አምራች ኩባንያዎቹም የታካሚ ድጋፍ ፕሮግራም አላቸው፤ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ፎርሙን ታውቀዋለች፤ ጠይቋት። ሥራን በተመለከተ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት የሠራና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት የሞላ ሰው በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ይህ ፈቃድ በአንዴ ብቻ ሳይሆን በቀን በቀን ተከፋፍሎ ሊወሰድ ይችላል፤ ባልን፣ ልጅን ወይም ወላጅን ለሚያስታምምም ይሠራል። የሆቴልና የነርሲንግ ሆም ሠራተኞቻችን ይህን ሳያውቁ ሥራ ለቀው ሲወጡ አይተናል።

እንግዲህ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። ፔምብሮሊዙማብ በየሦስት ሳምንቱ ሲሰጥ በሁለት ዓመት ወደ 35 ጊዜ መመላለስ ነው። መድኃኒቱ የሚገባው በ30 ደቂቃ ነው። ደም ተሰጥቶ፣ ውጤት ተጠብቆ፣ ሐኪም ታይቶ፣ ፓርኪንግ ተከፍሎ ሲመለሱ ግን ግማሽ ቀን አልፏል። ደንባችን ከ35ቱ ጉዞ የሚሸፍነው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ይህን ነው። የ6 ሳምንቱ ገደብ ይነሣ፤ አንድ አባል ሕክምና ላይ እስካለች ድረስ እርዳታው ይቀጥል፣ በየ6 ወሩም ይታይ። ምግብ መላኩ በመጀመሪያው ወር ብቻ ይሁን፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ፍሪጃቸው ውስጥ የተደራረበው ምግብ ለእኛ ደስታ እንጂ ለእነሱ ጥቅም አልሆነም። በምትኩ ለእያንዳንዷ ታካሚ ሁለት ተለዋጭ ሾፌሮችና አንዲት ደዋይ እኅት ይመደቡ። ደዋይዋ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ በሦስተኛውና በአሥረኛው ቀን ትደውላለች። «እንዴት ነሽ?» ብላ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ይዛ ስልኩን አትዘጋም። ስንት ጊዜ ተቀመጥሽ? አዲስ ሳል አለ? ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽ እንዴት ነው? ሽፍታ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ የማይጠገብ ውኃ ጥም አለ? ለአንዱ እንኳ አዎ ከተባለ ታካሚዋ በዚያው ሰዓት ወደ ካንሰር ሐኪሟ እንድትደውል አብራት ትቆያለች። ደዋይዋ ሐኪም አይደለችም፤ ምክር አትሰጥም፣ መድኃኒት አትጠቁምም። ሥራዋ ያ «ሰው አላስቸግርም» የሚለው ዝምታ እንዳይኖር ማድረግ ብቻ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የቀብር ገንዘባችን ለቀብር የተሰጠ አደራ ነው፣ አይነካ የሚሉ እናቶቻችን አሉ። ትክክል ናቸው፤ አይነካም። የምንጠይቀው ለፓርኪንግ፣ ለቤንዚንና የሥራ ቀን ለሚያቃጥሉ አስታማሚዎች የሚሆን የተለየ ሣጥን ነው። መነሻውን ከዓመቱ የእራት ግብዣ በጀት ግማሹን በመቀነስ እናግኘው እንላለን። አዳራሽ ሳንከራይ፣ ዲጄ ሳንጠራ፣ በየቤታችን ዶሮ ሠርተን ብንገናኝ ግብዣው የሚጎድልበት አይመስለንም፤ የዲጄው ነገር እንዲያውም አንዳንዶቻችንን ያስደስታል። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነውም መድኃኒት እንዲገዙልን አይደለም፤ ያ ከአቅማችን በላይ ነው፣ ለእሱም ኢንሹራንስ አለ። አንድ ታካሚ በቀጠሮዋ ቀን ብቻዋን ባቡር ስትጠብቅ እንዳትገኝ የሚያደርገውን ትንሹን ወጪ እንዲሸፍኑ ነው።

ከቡና በኋላ በእጅ ማውጣት ድምፅ ይሰጣል። የሾፌሮች ተራ መዝገብ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ሦስት ሰው ተመዝግቧል፤ ከአሌክሳንድሪያ በኩል እስካሁን ማንም የለም። ቀጣዩ ዙር ማክሰኞ ነው፤ የምትወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።